ሳይሞከር አይገዛ

እሷ፦ እዚህ ፌርፋክስ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ፣ አንዲት እናት «ልጄ ሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ግዢልኝ አለኝ፤ ያዋጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

እሱ፦ ሪፐርን ይሞክረዋ! 60 ቀን በነፃ ይሠራበታል፤ ለግል ተጠቃሚ የቅናሽ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው።

እሷ፦ ዋጋው ብቻ አይበቃም። የአንቺሆዬን ቅኝት ያቀናብርበት! ሶፍትዌሩ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በጥቂት በጥቂቱ መለወጥ ካልቻለ፣ ክራሩ ፒያኖ ፒያኖ ይላል።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። የሥዕልና የቪዲዮ ሶፍትዌርም ከሆነ «ፀሐይ» ብሎ ይጻፍበት። የግዕዝ ፊደል ተጭኖለትም ባዶ ሳጥን ከደረደረ፣ ለእኛ ሥራ አይሆንም።

እሷ፦ ጌምስ?

እሱ፦ ስቲም ላይ ከገዛ፣ 14 ቀን ሳይሞላ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶ ካልወደደው ገንዘቡን ያስመልሳል።

እሷ፦ እንግዲያው የመጀመሪያዋን ሰዓት እናትየውም አብረውት ይቀመጡ።