ከስልኩ በፊት እግር



የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ጠዋት ስንቶቻችሁ ገና ከብርድ ልብሱ ሳትወጡ ስልክ ከፈታችሁ? ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ሒሳብ አያያዝ የምትማሪው እኅቴ፣ አንቺን ነው የማስበው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራሽን ሊወስድ ነው የሚል ጽሑፍ ታነቢያለሽ። አንዱን ትጨርሺና ሌላውን ትከፍቻለሽ። ልብሽ ይመታል። ሰውነትሽ ግን እንደተኛ ነው።

ስጋትሽ ከንቱ አይደለም። ማሽኑ ዛሬ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሒሳብ ይሠራል፣ አማርኛም እየለመደ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቋቋመ የመንግሥት ኢንስቲትዩት አለ። ስለዚህ "አትፍሪ" አልልሽም።

የምልሽ "ተነሺ" ነው። ፍርሃት ሰውነትን ለሩጫ ያዘጋጃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሳይሮጡ ሲቀሩ ያ ሁሉ ውጥረት የት ይሂድ? እዚያው ይቀመጣል። የእግር ጉዞ ጭንቀትን እንደሚያቀል፣ እንቅልፍንም እንደሚያሻሽል ሐኪሞች ደጋግመው ይመክራሉ።

ተነሺ። ጋቢ ደርቢ፣ ከጮቄ ተራራ የሚመጣው ብርድ ያንዘፈዝፋል። እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና ተመለሽ። መንገድ ላይ ለገበያ ማልደው የተነሡ ገበሬዎች ታገኚያለሽ። "እንደምን አደራችሁ" በያቸው።

መራመድ ሥራሽ ይቀር አይቀር እንደሆነ አይነግርሽም። ስትመለሺ ግን ጥያቄሽ ሊለወጥ ይችላል። "ምን ይውጠኛል?" የነበረው፣ "ከዚህ መሣሪያ የቱን ልማር?" ይሆናል። ያንን ጥያቄ ለመምህርሽ ውሰጂው፤ ዛሬውኑ።