የወደቡ ሐውልትና ስም ያልነበረው መቃብር



ዛሬ ስለ አንዲት የአየርላንድ ልጅ ጥቂት ቃል ልንናገር ተነሥተናል። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

አኒ ሙር በ1891 መጨረሻ፥ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን አስከትላ፥ ከኮርክ አውራጃ ኔቫዳ በምትባል መርከብ ተሳፈረች። ወላጆቿ ቀድመው ኒውዮርክ ገብተው ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 በኤሊስ ደሴት አዲሱ የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት፥ በመዝገቡ የመጀመሪያዋ ሆና ተጻፈች፤ የ10 ዶላር የወርቅ ገንዘብም ተሸለመች።

በዚህ መንገድ የሄደችው እርሷ ብቻ አይደለችም። ከ1845 ጀምሮ የድንቹን ሰብል በሽታ መትቶት በተነሣው ረኀብ፥ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ረኀቡ ካለፈ በኋላም ስደቱ አልቆመም። ብዙ ያላገቡ ልጃገረዶች ብቻቸውን ባሕር ተሻገሩ። በሰው ቤት ምግብ እያበሰሉ፥ ልብስ እያጠቡ፥ ከደመወዛቸው ቈጥበው ለታናሽ እኅታቸው የመርከብ ዋጋ ይልኩ ነበር።

አኒስ ወዴት ደረሰች? ወደ ቴክሳስ ሄዳ ኖረች ተብሎ ለብዙ ዘመን ተወራ፤ ወሬውም ለሰሚ ያማረ ነበር። ነገር ግን በ2006 መዝገብ የመረመሩ ሰዎች የቴክሳሷ ሴት ሌላ እንደ ሆነች፥ እንዲያውም እዚያው አሜሪካ እንደ ተወለደች አረጋገጡ። እውነተኛዪቱ አኒ ከኒውዮርክ አልወጣችም፤ የኖረችው በማንሃታን፥ ድኾች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በታችኛው ምሥራቅ ሰፈር ነው። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ አገባች። 11 ልጆች ወልዳ ለዐቅመ አዳምና ለዐቅመ ሔዋን የደረሱላት 5 ብቻ ናቸው። በ1924 ዐረፈች።

በ1993 በተነሣችበት ወደብ በኮቭና በደረሰችበት በኤሊስ ደሴት ሐውልት ቆመላት። በዚያን ጊዜ መቃብሯ ስም እንኳ አልተጻፈበትም ነበር፤ ድንጋይ የቆመለት በ2008 ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህ ነገር ሊያሳስበን ይገባል። የመጣችበት አንድ ቀን ተከበረ፤ ልጅ ያሳደገችበትና ልጅ የቀበረችበት 32 ዓመት ግን ተረሳ፤ በቦታውም የሌላ ሴት ታሪክ ገባ። ከተማይቱ ያደገችው ግን እንዲህ ባሉ እናቶች ድካም ነው።

እንግዲህ ስለ ስደት ስናጠና፥ ስንት ሰው ገባ ብለን በመቍጠር ብቻ አንርካ። የገባው ሰው የት አደረ፥ ምን ሠርቶ በላ፥ ስንት ልጅ ቀበረ ብለን እንጠይቅ። መልሱ የሚገኘው በልደት፥ በጋብቻና በሞት መዝገብ ውስጥ ነውና፥ መዝገቡን ለመክፈት አንስነፍ።