የኮምፒዩተርን ኮሮች ሁሉ ለበጎ ፈቃድ ስሌት ስለ ማሰለፍ
(በማጀቴ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በይፋት ቆላ ዝናብ ያዳላል። ከተራራው ሥር ያለው ማሳ ሲረሰርስ ማዶ ያለው ማሽላ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ አብዛኞቹ የዓለም አየር ንብረት ሞዴሎች ግን ማጀቴንና ሸዋ ሮቢትን በስተምዕራብ ካለው ደጋ ጋር ደምረው አንድ ቍጥር ይሰጧቸዋል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በቀድሞው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ያደረሰውን ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያሻኝም።

ይህን ጕድለት ለማቃለል በሆላንድ የዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2019 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዝናብ ፕሮጀክትን ጀመሩ። ዓላማው ከሰሃራ በታች የሚዘንበውን ዝናብ በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት ማስላት ነበር። ስሌቱ ተቈራርጦ በወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ አማካይነት ለበጎ ፈቃደኞች ማሽኖች ታደለ። ይህ ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. በአይ.ቢ.ኤም. ተመሥርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ካናዳው ክሬምቢል የምርምር ተቋም የተዛወረ ሲሆን የሚሠራበትም ፕሮግራም በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ቦይንክ ነው።

ብዙ ሰው ቦይንክን ይጭንና ማሽኑ በግማሽ ኀይል ሲሠራ ይከርማል። አብዛኛው የስሌት ቍራጭ የሚሠራው በአንድ ኮር ላይ ነው፤ ስለሆነም አራት ኮር ማሰለፍ ማለት አራት ቍራጭ በአንድ ጊዜ ማስኬድ እንጂ አንዱን በአራት እጥፍ ማፍጠን አይደለም። በስሌት ምርጫዎች ገጽ ሁለት መቶኛዎች አሉ፤ አንደኛው የኮሮችን ብዛት፣ ሁለተኛው የሥራ ጊዜን ይወስናል። ሁለቱም 100 ካልሆኑ ሙሉ አቅም አይገኝም። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ምርጫውን ለውጦ ለውጥ ያጣ ሰው በዚያው ማሽን ላይ የተመዘገበውን ምርጫ ይመልከት፤ የሚሻረው የድረ ገጹ ነውና። በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ የኮር ቍጥርን ከእውነተኛው አብልጦ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ጽሕፈት ኮር አይወልድም።

እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ መስመር ባለው ማሽን ላይ ቦይንክ አራቱን ስምንት አድርጎ ይቈጥራል። ስምንት ቍራጭ ሲሄድ ግን እያንዳንዱ ስለሚዘገይ ምርቱ እጥፍ አይሆንም። የዝናብ ሞዴል ማኅደረ ትውስታን አጥብቆ ስለሚሻም ትውስታው ካነሰ ቦይንክ ከፊሉን ሥራ ያቆማል።

አሁን ወደ ቆላው ልመለስ። ሙቀቱ በበረታበት ቀን ኮሮቹ ሁሉ ሲሠሩ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አቧራ የበላው ማራገቢያማ ጭራሽ አይችለውም። በእኔ አስተያየት የሥራ ጊዜን ከመቀነስ ኮር መቀነስ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ማሽኑን በየሰኮንዱ እያስነሣ እያስተኛ ያንገላታዋልና። ሌሊት ሙሉውን፣ ቀን ግማሹን ማሠራት ይበጃል።

መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ስሌት ከመጨረሻው የመዝገብ ነጥብ ወዲህ ያለው ነው፤ ኪሣራውም በኮሮቹ ቍጥር ይባዛል። የመዝገቡን የጊዜ ልክ በማሳጠር ይህን እናስቀራለን የሚሉ አሉ። ልኩ የሚወስነው ግን በሁለት መዝገብ መካከል ማለፍ ያለበትን ትንሹን ጊዜ ነው፤ ሞዴሉ ራሱ የመዝገብ ነጥብ ላይ ሳይደርስ አይመዘግብም። መፍትሔው ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ወይም ዩ.ፒ.ኤስ. ነው። ቦይንክ በባትሪ ላይ ሥራ እንዲያቆም የሚያዘው ምርጫ ደግሞ መብራት በተቋረጠ ጊዜ ባትሪው እንዳያልቅ ይጠብቃልና አይነካ።

በመሥሪያ ቤት ማሽን ይህን የሚያደርግ ባልደረባ አስቀድሞ የኀላፊውን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነውና።