የጤፍ ዝርያ ስምና መልክ



ጎተራ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻ ነው። በዚያም ሆነ በሌላው የከተማ እህል ገበያ ጤፍ የሚጠየቀው በጥቂት ቃላት ነው፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ። ይህ ለገዥ ይበቃዋል። ለሰብል ባለሙያ ግን አይበቃውም፤ በገበያ ማኛ ማለት እጅግ የነጣ ጤፍ ማለት እንጂ አንድ ተለይቶ የታወቀ ዝርያ ማለት አይደለምና።

ይኸው ቃል በሌላ ስፍራ ሌላ ነገር ያመለክታል። ታደሰ ኤባ እ.ኤ.አ. በ1975 የ35 የጤፍ ዝርያዎችን መግለጫ ሲያሳትሙ ማኛና እናቲት ከነዚያ መካከል ነበሩ። ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ዲዜድ-01-196ም የተጠራው ማኛ ተብሎ ነው። እንግዲህ አንዱ ስም የገበያ ደረጃን፣ የገበሬውን ነባር ዝርያና የተመረጠ ዘርን በአንድነት ተሸክሟል ማለት ነው።

ይህን ሊለይ የሚችለው መግለጫው ብቻ ነው። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 የሚጠጋ ፍሬ ስለሚይዝ፣ ዝርያን ከፍሬው በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ታደሰ ኤባም የመደቡት በፍሬው ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ ዘለላው የተሰበሰበ ወይም የተበተነ መሆኑንና የአበባውን ሽፋን ቀለም ጭምር በማየት ነው።

በሌላው ዓለምም ችግሩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተው የአሜሪካ የአይሪስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1939 ሰፊ የዝርያ መዝገብ አሳትሟል። ስሙ የጠፋበት አሮጌ የአይሪስ አበባ በአንድ ግቢ ሲገኝ፣ ማንነቱ የሚጣራው ቁመቱንና የአበባውን ቀለም ከቀድሞ መግለጫዎች ጋር በማስተያየት ነው። ያለ መግለጫ፣ አሮጌ ስም ባለቤት የሌለው ስም ሆኖ ይቀራል።

የነባር ዝርያ ጥቅም ደግሞ ያለፈ ነገር አይደለም። ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ካረጋገጡ በኋላ ዝርያን በእጅ ማዳቀል ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮም የተገኘው ምርታማውን ዱከምን፣ ማለትም ዲዜድ-01-974ን፣ በፍሬው ንጣት ከሚፈለገው ዲዜድ-01-196 ጋር በማዳቀል ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ዘር በማሳ ላይ በተስፋፋ መጠን የአባቶቹ ዘመዶች ከማሳው ይወጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ሥር ያለው፣ ከ5,000 በላይ የጤፍ ናሙናዎችን ይዟል። ቀዝቃዛው ክፍል ፍሬውን ከጥፋት ይጠብቀዋል፤ ገበሬው ያወጣለትን ስም፣ የተገኘበትን ቀበሌና በማሳ ላይ ያለውን መልክ ግን ሊጠብቅ አይችልም። እነዚህ የሚገኙት ዘሩን ከሚዘሩት አረጋውያን አንደበትና ከቆመው ሰብል ብቻ ነው።

ስለሆነም ናሙና የሚሰበስብ ባለሙያ ሁሉ አዝመራው ሳይታጨድ ማሳው ዳር ተገኝቶ ሦስቱን ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ መመዝገብ ይገባዋል። ዘሩ በጎተራ ቢቀመጥ፣ ማንነቱ የሚቀመጠው በጽሑፍ ነውና።