ጥያቄያችን ተመለሰ የምንለው መቼ ነው?



ውድ የቆላ ድባ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን! እኛ የደንቢያ ሰዎች የእንቦጭን ነገር እናውቃለን። ሕዝቡ ለዘመቻ ይወጣል፣ አረሙ ይነቀላል፣ የጸዳው ሄክታር ይነገራል። ቆየት ብሎ እንቦጩ ተመልሶ የጣናን ዳርቻ ያለብሰዋል። የተቆጠረው የወጣው ሰው ነው፤ ገበሬው የፈለገው ግን ከብቱን ውኃ የሚያጠጣበት ዳርቻ ነበር።

እኛስ ምን እንቁጠር? በ2004 ስንነሳ ጥያቄያችን ሦስት ነበር፦ አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በሚመርጠው ቦርድ ይመራ፣ የአህባሽ አስተምህሮ በግዳጅ መጫኑ ይቁም፣ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን በመስጂዳችን እንምረጥ። በ2005 ምርጫው በቀበሌ ተደረገና የመራጩ ብዛት ተነገረን። እኛ ብዛት መቼ ጠየቅን?

ሐምሌ 2007 በኮሚቴዎቻችን ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስር ሲፈረድ «ትግሉ አለቀ» ያሉን ነበሩ። በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝ ደግሞ «ድል አደረግን፣ አለቀ» ያልነው እኛው ነን። ሁለቱም ችኮላ ነበር። አዋጁ ትልቅ ኒዕማ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን መሪያችንን እኛን ተክቶ አይመርጥልንም።

በመድረሳም እንዲሁ እንሳሳታለን፤ የተመዘገበውን ልጅ እንቆጥራለን፣ ቁርኣንን ራሱ ገልጦ የሚያነበውን ግን አንቆጥርም።

ስለዚህ ለፊታችን ጁሙዓ ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈን እንምጣ። ከእያንዳንዱ ጎን «በኛ መስጂድ ምን ተለወጠ?» የሚለውን አብረን እንሙላ። ባዶ የሚቀር መስመር ካለ ባዶውን እንተወው፣ ኢንሻ አላህ ሥራችንን ከዚያ እንጀምራለን።