የትንሿ ጥቅል ክብደት



የዕፀዋት ኳራንቲን አሠራር፣ በእኔ አስተያየት፣ የተቀረጸው መርከብ ሙሉ እህል በዓይነ ኅሊና ተይዞ ነው። ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ጭነቱ ይቆያል። ዛሬ ላወሳላችሁ የፈለግሁት ግን በአየር ኩሪየር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባሕር ማዶ ስለምትደርሰው፣ ከመዳፍ ስለማትበልጠው ጥቅል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሐምሌ ወር ብዙ አሜሪካውያን ከቻይና የተላከ የሚመስል፣ እኛ አላዘዝነውም ያሉት የዘር ከረጢት በፖስታ ደረሳቸው (አዝዘው የረሱም እንደነበሩ ኋላ ተነግሯል)። በአንዳንዱ ላይ የተጻፈው «ጌጣጌጥ» የሚል ነበር። የአገሪቱ እርሻ ሚኒስቴር ማንም እንዳይዘራው አሳሰበ፤ ሲመረመርም ከሰናፍጭ፣ ከጎመንና ከሮዝሜሪ ሌላ ኩስኩታ የተባለው ጥገኛ አረም ዘር ተገኘበት። በፖስታም ይምጣ በኩሪየር፣ ላኪው በእጁ የጻፈው መግለጫ የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም የመጨረሻው ማጣሪያ ነው።

መሣሪያ የለም ወይ? አለ። የራጅ መሣሪያ ከዕፀዋትና ከእንስሳት የተገኘውን ነገር በብርቱካናማ ቀለም ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱም፣ ጨርቁም፣ ፕላስቲኩም በዚያው ቀለም ይታያሉ። አነፍናፊ ውሻ የሠለጠነበትን ሽታ ይጠቁማል። ሁለቱም ዘር መኖሩን ይነግሩን ይሆናል፤ ስለ ዘሩ ጤንነት ግን ዝም ይላሉ።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከአንድ ቶን ስንዴ 400 ፍሬ ለምርመራ ቢወሰድ የሚጎዳ የለም። የአዳቃይ ባለሙያ ጥቅል ግን 50 ፍሬ ብቻ ልትይዝ ትችላለች። ሁሉም ተፈጭቶ ለቫይረስ ቢመረመር ለዘር የሚተርፍ አይኖርም፤ ጥቂቱን ብቻ ብንመረምር ደግሞ የቀረው ከበሽታ ነፃ ለመሆኑ ዋስትና የለንም። በፍሬዎቹ መካከል የሚሸሸገውስ ትቢያ? የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የአቀንጭራ ወገን የሆነ አንድ አረም እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ በሁለቱ ካሮላይናዎች ከተገኘ በኋላ እርሱን የማጥፋቱ ዘመቻ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ከአገራችን የሚወጣው ጥቅል ከሚገባው ባላነሰ ሊያሳስበን ይገባል የምለውም ስለዚህ ነው።

ነጋዴውን ብቻ እንዳንወቅስ፣ «ለምርምር ብቻ» እያልን ያለ ጤንነት ምስክር ወረቀት ዘር የምንላላክ እኛው ነን። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም፤ በወጣትነቴ የባቄላ ዘር በደብዳቤ ውስጥ አሽጌ ለባልደረባ ልኬያለሁ። የዘር ወቅት እንዳያልፍበት ነበር፤ ያን ጊዜ በቂ ምክንያት መስሎኝ ነበር።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ተቀባዩ ጥቅሉ ከመላኩ በፊት ለኳራንቲን ጣቢያው ያስታውቅ፤ ዘሩም የመጀመሪያውን ወቅት በተዘጋ የመስተዋት ቤት፣ በባለሙያ ዓይን ሥር ይደግ፤ ወደ ማሳ የሚወጣው ከጤነኛ ተክል የተለቀመው ፍሬ ብቻ ይሁን። በኩሪየሩ ያተረፍናቸውን ቀናት በአንድ ሙሉ የምርት ወቅት መክፈላችን ነው፤ ለአዳቃዩ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። ጉባኤው ይህንን ዋጋ ለመሸከም ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑን ከሻይ ዕረፍት በኋላ እንዲወያይበት እጠይቃለሁ።