ስለ መዳብና ስለ ደም ምርመራ



መዳብ በያንዳንዳችን ደም ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። የጤነኛ ጐልማሳ ሴረም በዴሲሊትር ከ70 እስከ 140 ማይክሮግራም ያህል ይይዛል። አብዛኛውን መዳብ ተሸክሞ የሚያዞረው ጉበት የሚሠራው ሴሩሎፕላስሚን የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በእርግዝናና በተላላፊ በሽታ ጊዜ ይበዛል፤ መዳቡም አብሮት ከፍ ይላል።

በከተማችን በጐንደር በቲቢ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ከጤነኞቹ ይልቅ በሕመምተኞቹ ሴረም ውስጥ መዳቡ በዝቶ፣ ዚንኩ አንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ከዳባት ወይም ከደባርቅ የመጣ ሕመምተኛ መዳቡ ከፍ ቢል፣ «የመዳብ ዕቃ መርዞሃል» ብለን ብንሸኘው ሳሉን ይዞ ወደ ቤተ ሰቡ ይመለሳል።

ዝቅ ያለ ቍጥርም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1912 ዶክተር ዊልሰን በገለጸው በሽታ፣ መዳብ በጉበትና በአንጎል ውስጥ ሲከማች በሴረም ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ወጣት «መዳብህ ትንሽ ነው፤ አትሥጋ» ሊባል አይገባም። ሴሩሎፕላስሚኑና የ24 ሰዓት ሽንቱ ይመርመር፤ በዓይኑ ጥቁር ክፍል ዙሪያ የመዳብ ቀለበት መኖሩ ይታይ። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ ከዘገየ ግን ጉበቱን ያጠፋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ስንሞላ ዕድሜን፣ ሳልንና ትኩሳትን፣ ሴትም ከሆነች እርግዝናን እንጻፍ። ላቦራቶሪው ቍጥሩን ይሰጠናል፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ግን ሕመምተኛውን ቀርቦ የጠየቀ ሰው ነው።